መጥረጊያ ስንት ነጥብ ያወጣል?

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ነው። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እቴቴ (የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት) ከሥራ ስትገባ ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ «እስኪ ይቺን አንብቢልኝ፤ መነጽሬን ረስቼው ነው» አለችኝ። እቴቴ መነጽር ኖሯት አያውቅም። እኔም እንደሌላት አውቃለሁ፤ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች። ዝም ብዬ ወረቀቱን ተቀበልኳትና ማንበብ ጀመርኩ።

እቴቴ እዚሁ ሐዋሳ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ናት። ሥራ የጀመረችው እኔ ሳልወለድ በመቶ ምናምን ብር ነው። ያመጣችው ወረቀት «የሥራ ዝርዝር መግለጫ» ይባላል። ላይ ላዩን ሲያዩት ደረቅ ቅጽ ነው፤ ውስጡ ግን የእሷ ዕድሜ በሣጥን በሣጥን ተከፋፍሎ ተቀምጧል። የሥራ ውስብስብነት። ራስን ችሎ መሥራት። ተጠያቂነት ለሥራ ውጤት። ተጠያቂነት ለሚስጥራዊ መረጃ። ኃላፊነት ለሰው ሃብት። ኃላፊነት ለንዋይ። ፈጠራ። የሥራ ግንኙነት። ከዚያ ጥረት ይመጣል፤ የአእምሮ፣ የሥነ ልቦና፣ የዕይታ፣ የአካል ተብሎ። መጨረሻ ላይ የሥራ አካባቢ ሁኔታ። በእያንዳንዱ ርዕስ ሥር አንድ ሁለት መስመር መልስ ተጽፎበታል።

«ኃላፊነት ለሰው ሃብት» የሚለው ጋ ስደርስ መልሱ አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ የለበትም።

እቴቴ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። «እንዴ! ልጆቹስ?»

በቅጹ ቋንቋ «የሰው ሃብት» ማለት በሥርህ ሆኖ የምታዘው ሠራተኛ ማለት ነው። እቴቴ የምታዘው ሠራተኛ የላትም፤ ስለዚህ መልሱ እንደ ቅጹ ከሆነ ትክክል ነው። ግን አፍንጫው የደማውን ልጅ የምታጥበው እሷ ናት። የወር አበባ ድንገት የመጣባት ተማሪ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አትሄድም፤ የምትሄደው እቴቴ መጥረጊያዋን ወደምታስቀምጥባት ጠባብ ክፍል ነው። ይሄ ሁሉ በየትኛው ሣጥን ይጻፍ?

ያኔ መልስ አልነበረኝም። ጋዜጠኝነት ተምሬ ከወጣሁ በኋላ ግን ጥያቄዋ እየተመለሰ ያስቸግረኝ ጀመር። ይሄ ሚዛን ከየት መጣ? ማን ሠራው? ደግሞስ ለምንድነው በተመዘንን ቁጥር የትምህርት ቤት ዘበኛ፣ ጽዳት፣ ተላላኪና መዝገብ ቤት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የምናገኛቸው? እስኪ ወደኋላ ሄደን እንየው።

ደመወዝ የወንበሩ ሲሆን

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ በአንድ ወጥ ሕግ መተዳደር የጀመረው ቅርብ ጊዜ ነው። ማዕከላዊ የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ትዕዛዝ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ቅጥር፣ ዕድገትና ደመወዝ በሰው ፊትና በዘመድ ሳይሆን በደንብ ይሁን ነው። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ዋናው ነገር መጣ፤ የሥራ መደቦች ምደባ። ከእንግዲህ ደመወዙ የሰውየው ሳይሆን የወንበሩ ነው ተባለ። አንድ ጸሐፊ የማንም ልጅ ቢሆን የጸሐፊን ደመወዝ ያገኛል ማለት ነው።

የአዲስ ዘመንን የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ሲያነቡ ያደጋችሁ «ፕሳ»፣ «መፕ»፣ «ጽሂ» የሚሉትን ነገሮች ታስታውሳላችሁ። የዚያ ምደባ ልጆች ናቸው። ፕሮፌሽናልና ሳይንሱ ላይ፣ መለስተኛ ፕሮፌሽናሉ ከሥሩ፣ ጽሕፈትና ሂሳቡ ከዚያ፣ እያለ ይወርድና የጥበቃና የጉልበት ሥራ ታች ይቀመጣል። ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። መታወቅ ያለበት ግን አንድ ነገር አለ። ይሄ መሰላል አንድ ረጅም መሰላል አልነበረም፤ ጎን ለጎን የቆሙ የተለያዩ መሰላሎች ነው። ዘበኛው በራሱ አጭር መሰላል ላይ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ወደ ሌላው መሰላል የሚያሻግረው ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀት ደግሞ የሚገኘው ዘበኛው በሩን ከሚጠብቅለት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው።

ሐዋሳ ያኔ ገና ልጅ ከተማ ናት። በ1952 ዓ.ም. ግድም በራስ መንገሻ ሥዩም ዘመን ተቆረቆረች፤ ቆይቶም የሲዳሞ ዋና ከተማነት ከይርጋለም ወደ እሷ ዞረ። ቢሮ መጣ፣ ከቢሮው ጋር ትምህርት ቤት መጣ፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር ዘበኛና ጽዳት መጡ። የዚህች ከተማ ግማሽ ታሪክ የመንግሥት ሠራተኛ ታሪክ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

አድማውና ሃምሳ ብር

አሁን ወደ 1966 ዓ.ም. እንሂድ። የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች በቤንዚን ዋጋ መጨመር ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን መምህራንም አቆሙ። የመምህራኑ ጥያቄ ደመወዝና «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት ነበር። መምህራኑ በአንድ ቀን አብረው ሊነሱ የቻሉት ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረ ማኅበር ስለነበራቸው ነው። የካቲት 28 ደግሞ የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞች በሠራተኞች አንድነት ማኅበራቸው ጠሪነት አጠቃላይ አድማ መቱ። እነሱም ማኅበር ነበራቸው።

እስኪ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ከእነዚህ ሁለቱ መካከል ፈልጉልኝ። መምህር አይደለም፤ ስለዚህ የመምህራን ማኅበር አባል አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበር ሕጉ አይመለከተውም። በአድማው ቀን ምናልባት በሩን ዘግቶ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ ባዶውን ግቢ ሲጠብቅ ውሏል።

ደርግ ሲመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 50 ብር ሆነ። በነገራችን ላይ ይሄን ቁጥር አትናቁት። ያኔ አንድ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ስለሚመነዘር 50 ብር ወደ 24 ዶላር ነው። አባቶቻችን የሚያወሩት የዲግሪ መነሻ ደመወዝ ግን 500 ብር ነበር። አንዱ አሥር እጥፍ ማለት ነው። «ሠፊው ሕዝብ» በሚባልበት ዘመንም በትምህርት ቤቱ በርና በትምህርት ቤቱ ጥቁር ሰሌዳ መካከል ያለው ርቀት ይሄን ያህል ነበር።

«ደጋፊ» የምትባል ቃል

ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ ወለሉ 105 ብር ሆነ። ብሩ ግን በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ተዳክሞ ዶላር 5 ብር ገብቶ ስለነበር 105 ብር ማለት 21 ዶላር ነው። ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ ወጣ፤ ዶላሩ ወረደ። (ይቺን ጨዋታ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ትመለሳለች።)

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለመምህራን የራሳቸውን የዕድገት መሰላል ሰጣቸው። ጀማሪ መምህር፣ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ፣ መሪ እየተባለ ይወጣል። ከክፍል ሳይወጡ ማደግ ተቻለ። መሰላሉ በቂ ደመወዝ አለው ወይ ብትሉ መምህራኑን ጠይቁ፤ ብዙ ይነግሯችኋል። ቢያንስ ግን መሰላል አለ። ለመዝገብ ቤቷ፣ ለቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ፣ ለዘበኛውና ለእቴቴ ያለው የእርከን ጭማሪ ነው። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሃያ ዓመት ብትሠራ «ከፍተኛ የጽዳት ሠራተኛ» አትባልም።

ከዚያ በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. ግድም ቢፒአር መጣ። የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ የሚሉት ነው። መሥሪያ ቤት ሁሉ «ዋና የሥራ ሂደት» እና «ደጋፊ የሥራ ሂደት» ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ድልድል የሚባለውን ቃል ቤተሰብ ሁሉ በራት ሰዓት ተማረው። ትምህርት ቤት ውስጥ ዋናው ሂደት መማር ማስተማር ነው፤ ይሄንን የሚከራከር የለም። ግን አንዴ «ደጋፊ» የሚል ስም ከወጣልህ በኋላ አንተ የምትሠራው ሥራ የሌላ ሰው ሥራ ጭራ ይሆናል። ውኃ በጠፋበት ሳምንት የትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ገብቶ ያየ ሰው የትኛው ሂደት ዋና እንደሆነ ትንሽ ሳይጠራጠር አይቀርም።

ወለሉ በ2003 ዓ.ም. 420 ብር፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ 582 ብር ገባ። በዚህ መካከል ሐዋሳ አዲስ ጎረቤት አገኘች፤ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት እዚያ የሚሠሩ ወጣቶች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ በብር 750 ገደማ ነበር፤ በዓለም የልብስ ስፌት ኢንዱስትሪ ውስጥ ዝቅተኛው ነው ብለው ጻፉ። ለግል ድርጅት ሠራተኛ የደመወዝ ወለል የሚባል ነገር በሕግ አልተወሰነለትም ነበር። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (ቁጥር 1156) የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል አለ እንጂ ቁጥር አላስቀመጠም። ስለዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ጽዳት፣ ደሃም ብትሆን፣ ከሐይቁ ማዶ ስታየው የምታስቀና ነበረች። እቴቴ «መንግሥት ቤት ነኝ» ስትል ደረቷን ነፋ የምታደርገው ለዚህ ነው።

22 ደረጃ

ጄኢጂ የተባለው የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባ ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። እውነቱን ለመናገር ያመጣው ምክንያት ትክክል ነበር። አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሀብታም ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ሌላው ድሃ ቢሮ ውስጥ ስለተቀጠሩ ብቻ ደመወዛቸው ሰማይና ምድር ነበር። ስለዚህ የአገሪቱ የመንግሥት ሥራ ሁሉ በአንድ ሚዛን ይመዘን ተባለ። እያንዳንዱ ሥራ ቀደም ብዬ በዘረዘርኳቸው መስፈርቶች ነጥብ ይሰጠዋል፣ ነጥቡ ይደመራል፣ ድምሩ ከ22 ደረጃዎች በአንዱ ላይ ያስቀምጠዋል። በ2011 ዓ.ም. የጸደቀው የደመወዝ ስኬል መነሻ 1,100 ብር፣ ጣሪያው 20,468 ብር ነበር። ክልሎችም ይሄንኑ ተከትለው የየራሳቸውን ሠራተኞች መደቡ።

የአሠልጣኞቹ መፈክር ትዝ ይላችኋል? «የምንመዝነው ሥራውን እንጂ ሠራተኛውን አይደለም።» ጥሩ መርህ ነው። የሰውየውን ዘር፣ ጾታና ዘመድ ከሚዛኑ ላይ ያወርዳል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፤ ሚዛኑ ሥራውን በቀጥታ አያየውም። የሚያየው ስለ ሥራው የተጻፈውን ወረቀት ነው። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ያላየው ነገር ነጥብ አያገኝም።

የእቴቴን ወረቀት እንመልከተው። «ኃላፊነት ለንዋይ» የሚለው ሥር መጥረጊያ፣ ባልዲ፣ መወልወያ ተዘርዝሯል። የክፍሎቹ ቁልፍ በሙሉ እሷ ወገብ ላይ እንደሚውል አልተጻፈም። «ተጠያቂነት ለሚስጥራዊ መረጃ» የለባትም ይላል። ፈተና የሚባዛበትን ክፍል የምታጸዳው ግን እሷ ናት፤ ከቅርጫቱ ውስጥ የተበላሸ የፈተና ወረቀት ለቅማ የምታቃጥለውም እሷ ናት። «የሥራ ግንኙነት» ከቅርብ ኃላፊዋ ጋር ይላል። ሺህ ልጅ ከየት ይግባ? «ፈጠራ» የለም። ውኃ ለሦስት ቀን ጠፍቶ በሁለት ጀሪካን አሥራ ሁለት መጸዳጃ ቤት ማጽዳት ፈጠራ ካልሆነ ምን እንደሚባል አላውቅም።

ማንም ክፉ አስቦ አልጻፈውም። ጻፊው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ ናሙና አይቶ፣ «ጽዳት ያው ጽዳት ነው» ብሎ ሞልቶታል። የባንክ ኮሪደር የምታጸዳም፣ ሺህ ሕፃን ያለበት ግቢ የምታጸዳም በወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ውጤቱ ሲወጣ እቴቴ የተመደበችው ደረጃ 1 ላይ ነው። ከ22ቱ።

ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል ተብሎ ነበር፤ ቅጽም ነበረው። መነጽሯን የረሳች ሴት ግን የቅሬታ ቅጽ አትሞላም። መምህራን ስለ ደረጃቸውና ስለ ደመወዛቸው ያላቸውን ቅሬታ በማኅበራቸው በኩል በአገር ደረጃ ያሰማሉ፤ የደመወዝ ጉዳያቸውም ለብቻው ሲታይ ቆይቷል። የአስተዳደር ሠራተኛ የሚባሉት ግን የሚናገርላቸው ማኅበር የላቸውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች የሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበር የማቋቋም መብት አላቸው ይላል። ከደረጃ 1 በታች የሆነ ኃላፊነት ካለ ንገሩኝ።

የግላስጎው ሴቶች

«ይሄ የእኛ አገር ጣጣ ነው» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ቆዩ። ሥራን በነጥብ የመመዘን ዘዴ የተወለደው አሜሪካ ውስጥ ነው፣ ከመቶ ዓመት በፊት ግድም። ከዚያ ዓለምን ዞረ። ብሪታንያም የከተማ ምክር ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1997 ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ተስማምተው ሠራተኛቸውን ሁሉ በአንድ መሰላል ላይ ሊያወጡ ተነሱ። የትምህርት ቤት ጽዳት፣ የተማሪ ምግብ አብሳይ፣ የመምህር ረዳት፣ ቆሻሻ ሰብሳቢ፣ ሁሉም ይመዘን ተባለ።

ግላስጎው የምትባለው የስኮትላንድ ከተማ ይሄን ምዘና የሠራችው እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 ነው። ሴቶቹ ውጤቱን ከወንዶቹ ጋር ማስተያየት ጀመሩ። እኔ ወጥ ቤት የምሠራው ሥራና እሱ መንገድ ላይ የሚሠራው ሥራ ዋጋቸው እኩል ከሆነ የእሱ ክፍያ ለምን በለጠ? አሥር ዓመት ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ፍርድ ቤቱ ምክር ቤቱ የሚዛኑን አስተማማኝነት ማሳየት አልቻለም አለ። ክፍያው ሲጓተት በጥቅምት 2018 (እ.ኤ.አ.) ከ8 ሺህ በላይ ሴቶች ለሁለት ቀን ሥራ አቆሙ፤ ጽዳቶች፣ ምግብ አብሳዮች፣ አረጋውያን ተንከባካቢዎች። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ወንዶች የሴቶቹን ሰልፍ አልፈን አንገባም ብለው አብረው ቆሙ። በቀጣዩ ዓመት ከተማዋ ግማሽ ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ለመክፈል ተስማማች።

የበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት ደግሞ በተመሳሳይ የእኩል ክፍያ ጉዳይ ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ከፍሎ፣ ሌላም ዕዳ ቀርቶበት፣ በመስከረም 2023 (እ.ኤ.አ.) በጀቴን ማመጣጠን አልቻልኩም ብሎ አወጀ። ከዚያ የከተማ አገልግሎት ተቀነሰ። ይሄንን የምነግራችሁ እንድትፈነጥዙ አይደለም። አንድ ነገር ለማሳየት ነው፤ በጊዜው በትክክል ያልተመዘነ ሥራ ሒሳቡ አይጠፋም። ወለድ እየወለደ ይቆያል፣ የሚከፍለውም ያኔ የመዘነው ሰው ሳይሆን ከተማው ሁሉ ነው።

የግላስጎው ሴቶች ሚዛን ይጥፋ አላሉም፤ ሚዛኑ ይታይ ነው ያሉት። ያስቻላቸውም ሁለት ነገር ነው። ማኅበርና ጠበቃ ነበራቸው፤ ከማን ጋር እንደሚነጻጸሩም ያውቁ ነበር። እኛም አገር ሕገ መንግሥቱ ሴቶች ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። የጎደለው «ከማን ጋር?» የሚለው ጥያቄ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ የጥበቃውንና የጽዳቷን ነጥብ፣ መስፈርት በመስፈርት፣ ጎን ለጎን ተለጥፎ ያያችሁ እጃችሁን አውጡ።

ወለሉ ሲነሳ

እንግዲህ አሁን ወዳለንበት ደረስን። ከ2011 በኋላ ሐዋሳ ላይ ያላለፈ የለም። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፣ ሲዳማ ክልል ሆነ፣ በ2015 ዓ.ም. የቀድሞው ደቡብ ክልል ሲከፈል የቢሮ ሠራተኛው ግማሹ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ግማሹ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌላም ተደለደለ። የትምህርት ቤት ሠራተኞች ግን የከተማዋ ስለሆኑ የትም አልሄዱም። ቢሮው ሁሉ ዕቃውን ሲጭን እቴቴ ያንኑ ኮሪደር ስትጠርግ ነበር። ስኬሉም ያው 1,100 ላይ ቆሞ ነበር።

1,100 ብር በእጅ ስንት ነው? የያኔው የሥራ ግብር 50 ብር፣ ጡረታ 77 ብር ሲወጣለት 973 ብር። በ2011 ዓ.ም. 1,100 ብር ከ35 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይወሰን ሲባል፣ በዋዜማው ምንዛሪ እንኳ 19 ዶላር ገብቶ ነበር። ከደርግ 50 ብር በታች ማለት ነው፤ ያውም የድሮው ዶላር ከዛሬው ዶላር ስንት እጥፍ ይገዛ እንደነበር ሳንቆጥር።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወለሉ በአንዴ ወደ 4,760 ብር ወጣ። ከ330 በመቶ በላይ ጭማሪ ነው። ጣሪያው ግን ከ20,468 ወደ 21,492 ብር፣ 5 በመቶ ብቻ ነው ከፍ ያለው። በታሪካችን ጭማሪ ሲመጣ ታችኛው ይሄን ያህል ሲያገኝ አላየሁም፤ ይመዝገብልኝ። በእጅ 3,777 ብር ነው። የዚያን ጊዜ የዲግሪ መነሻ 6,940 ብር ስለነበር፣ አሥር እጥፍ የነበረው ልዩነት ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ጠበበ።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወለሉ 6,000 ብር ሆነ፤ 26 በመቶ። የዲግሪ መነሻ 11,500፤ 66 በመቶ ገደማ። ጣሪያው 39,000፤ 81 በመቶ። የሥራ ግብሩም ተሻሽሎ እስከ 2,000 ብር ነፃ ስለሆነ ከ6,000 ብር በእጅ የሚገባው 4,880 ብር ነው። ልዩነቱ እንደገና ወደ ሁለት እጥፍ ተጠጋ። የተማረ ሰው ጥሎ እንዳይሄድ ነው የሚል ክርክር አለ፤ ዋጋ አለው፣ መምህር ሆኖ መኖር እንዳቃተ ሁላችንም እናያለን።

ግን አንድ ነገር አስተውሉ። በእነዚህ ሁለት ጭማሪዎች ብር ተሻሻለ እንጂ ወረቀቱ አልተነካም። ወለሉ ሲነሳ ወለሉ ላይ የቆመው ሰው አብሮ ይነሳል፤ ወለል ላይ መሆኑ ግን ይቀጥላል። እቴቴ ዛሬም ደረጃ 1 ናት። «ኃላፊነት ለሰው ሃብት» ዛሬም የለባትም።

ታዲያ ምን ይሁን?

እኔ የደመወዝ ባለሙያ አይደለሁም። ታሪኩን ሳገላብጥ ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ። ከ1954 ጀምሮ ሚዛኑ በተቀየረ ቁጥር የተሻለ ያገኘው ሲመዘን እዚያው ተገኝቶ መናገር የቻለ ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ምዘና ሲመጣ (መምጣቱ አይቀርም) ሦስት ቀላል ነገር ይሁን። አንደኛ፣ የሥራ ዝርዝር መግለጫው ሲጻፍ ሥራውን የምትሠራዋ ሴት ትጠየቅ፤ አንድ ቀን ሙሉ አብሯት የሚውል ሰው ይመደብ። ሁለተኛ፣ የትምህርት ቤት ጽዳትና ጥበቃ ከቢሮ ጽዳትና ጥበቃ ተለይቶ፣ ልጆችን ቆጥሮ ይመዘን። ሦስተኛ፣ ነጥቡ በየመስፈርቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ቅሬታም በቃል ይቀበሉ። አንዱም ብዙ ብር አይጠይቅም።

ባለፈው መስከረም የደመወዙን ዜና ያነበብኩላት እኔው ነኝ። (መነጽሯን አሁንም ረስታዋለች።) ስድስት ሺህ ስላት ራሷን ነቀነቀች። እሷ በእርከን ከወለሉ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ ጡረታ ለመውጣትም ሁለት ዓመት ነው የቀራት።

«ዲግሪ ያለውስ?» አለችኝ።

«አሥራ አንድ ሺህ ከአምስት መቶ።»

«ጎሽ! ታዲያ ተምራችኋላ» አለችኝ፤ ከልቧ ደስ ብሏት።

አንገቴን ደፋሁ። የዩኒቨርሲቲ መሄጃዬን፣ ደብተሬን፣ ጫማዬን የገዛው በእጅ 973 ብር የነበረው ደመወዝ ነው። ዲግሪዬ ሲመዘን ይሄንን ያየለት የለም።

ከዚያ ድንገት ትዝ ብሏት «ያቺ ወረቀት ግን» አለችኝ፣ «ልጆቹን ጻፉበት እንዴ?»

«ገና ነው እቴቴ» አልኳት።

ቸር ይግጠመን።